ልጆቻችን የሚፈሩት ትምህርትና የማኅበራችን መዝገብ

(የማኅበሩ ጸሐፊ በስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ዛሬ የምናገረው እንደ ወትሮው ስለ መዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ይህን ከየት አመጣው እንዳትሉኝ፤ ያስተማረችኝ የሰፈራችን ልጅ ናት። እሷም እናቷም እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስሟን ግን አልጠራም።

እንደሚታወቀው ከዋጫ ወጥተው ቦንጋ፣ ጅማ፣ አዲስ አበባና ሌላም ቦታ የሚማሩ ልጆች አሉን። ባለፈው ክረምት የአንዷ እናት ቤቴ መጡና፣ «ወንድሜ፣ ልጄ ትምህርቱን ልተው አለችኝ፤ እስቲ ምከርልኝ» አሉኝ። ልጅቷ የምታጠናው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚመጣው ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም የሚባለው ትምህርት ጣላት። «ጋሼ፣ የኔ ጭንቅላት ለዚህ አልተፈጠረም» አለችኝ። እኔም የምመክረው ስላልነበረኝ፣ «እስቲ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ለኔ አስረጂኝ» አልኳት።

ዳታ ስትራክቸር ማለት መረጃን አደራጅቶ የማስቀመጥ ዘዴ ነው። አልጎሪዝም ደግሞ አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ እስከ መጨረሻው የሚፈጽሙበት መንገድ ነው። ቃሉ የመጣው በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይሠራ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ፣ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ እኛም ዘንድ አለ። ወፍጮ ቤት ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጫል፤ ይህ ወረፋ ነው። መጋዘን ውስጥ የቡና ጆንያ ሲከመር መጨረሻ የተጫነው ቀድሞ ይወርዳል፤ ይህ ቁልል ነው። ኮምፒውተርም በሁለቱም ይሠራል።

ከዚያ የማኅበሩን መዝገብ አወጣሁላት። መዝገባችን የተጻፈው አባላት በገቡበት ተራ ነበር፤ አንድ ስም ለማግኘት ከላይ እስከ ታች ማየት ነው። በዚሁ የተነሣ አንድ አባላችን ኀዘን ደርሶባቸው ሳለ ስማቸውን ዘልዬ፣ «አልከፈሉም» ብዬ የእርዳታውን ገንዘብ አዘገየሁ። ለካ ከፍለው ነበር። ሰውን በኀዘኑ ላይ አሳፈርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዛሬም በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልጅቷ ምን አለች? «ጋሼ፣ ስሞቹ በፊደል ተራ ቢሆኑ መሐሉን ይገልጣሉ። የሚፈልጉት ስም ከዚያ በፊት ከሆነ የኋላውን ግማሽ ይተዉታል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ የፊቱን። ከቀረውም እንደገና መሐሉን ማየት ነው።» 1000 ስም ቢኖር በድሮው መንገድ አንዳንዴ ሁሉንም ማየት ግድ ነው፤ በዚህ ግን ቢበዛ 10 ጊዜ ማየት ይበቃል። አንድ ሚሊዮን ቢሆን 20 ጊዜ። እኔ አላመንኩም፤ ወረቀት ይዤ እየከፈልኩ ቆጠርኩት፤ ልክ ነው።

ሦስት ማታ ተቀምጠን መዝገቡን ገለበጥነው። ችግሩ እዚያ ላይ መጣ። ኃይሉ የሚለውን ስም አንዱ በኀ፣ አንዱ በሀ፣ ሌላው በሐ ጽፎታል። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ ሦስቱም ለየብቻ ነው የተመዘገቡት። ስለዚህ ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ትተን፣ ለተራው ግን ሀ፣ ሐና ኀን እንደ አንድ ቆጠርን፤ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀንም እንዲሁ።

ቀጥሎ፣ አዲስ አባል ሲመጣ የት ይጻፍ? ድሮ መጨረሻ ላይ መጻፍ ነበር፤ አሁን መሐል መግባት አለበት። በየፊደሉ ባዶ ገጽ ተውን። ልጅቷ ሳቀችና፣ «ጋሼ፣ የፈተናው ጥያቄ እኮ ይኸው ነው!» አለች። ለመፈለግ የቀለለው ለመጨመር ይከብዳል። ለሁሉም ሥራ የሚበጅ አንድ አደራደር የለም፤ ሥራውን አይቶ መምረጥ ነው። ክፍል ውስጥ ያልገባት ነገር በኛ መዝገብ ላይ ገባት።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። ይህንኑ መሐሉን ገልጦ የመፈለግ ዘዴ ጃቫ ለተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ጆሽዋ ብሎክ፣ ሥራው ውስጥ ስሕተት መኖሩን እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ስሕተቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተደብቆ ቆይቷል። ዝርዝሩ ከቢሊዮን ሲያልፍ፣ መሐሉን ለማግኘት የሚደመሩት ቁጥሮች ማሽኑ ከሚይዘው ልክ ያልፉ ነበር። ታዲያ ሊቁ ከተሳሳተ፣ አንድ ጊዜ የወደቀች ልጅ ምን ያሳፍራታል?

ስለዚህ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው።

1ኛ. ወላጆች፣ ልጅ ወደቅሁ ብሎ ሲመጣ «ተወው፣ ና ግባ» ከማለት በፊት «ምን ከበደህ? አስረዳኝ» በሉት። ባይገባችሁም ለእሱ ይገባዋል።

2ኛ. ተማሪዎች፣ ለክረምት ስትመጡ ታናናሾቻችሁን አስጠኑ፤ የማኅበሩን ሥራም አግዙን።

3ኛ. አባላት በሙሉ፣ አዲሱን መዝገብ እየመጣችሁ ስማችሁንና ክፍያችሁን አረጋግጡ። ገልባጭ ይሳሳታልና።

ልጅቷ ትምህርቱን ደግማ ልትፈተን ተመልሳለች። ውጤቷ ገና አልመጣም። መዝገቡ ግን እነሆ ጠረጴዛው ላይ ነው።