ቆይቶ ስለሚመላለስ የሆድ ቁርጠትና ስለ ሕክምናው
(በጀሞ ለተሰበሰቡ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)

ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ከገጠር ወደ ጀሞ የመጣችሁም፣ እዚሁ በኮንዶሚኒየሙ የምትኖሩም፣ ዛሬ የምንነግራችሁ ሰው ለመናገር ስለሚያፍርበት ሕመም ነው። ይኸውም ወር አልፎት፣ መንፈቅ አልፎት አልለቅ ያለ የሆድ ቁርጠት ነው።

ይህ ሕመም ያለባት እናት ሆዷን ይዛ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ምን ሆንሽ ሲሏት «ምንም አይደል፣ ትንሽ ነፋኝ ነው» ትላለች። ስለ ዓይነ ምድር ማውራት ነውር ይመስላታልና ሐኪም ፊት ቀርባም ግማሹን ትደብቃለች። የተደበቀውን ደግሞ ሐኪም ከየት ያመጣዋል?

ምክንያቱ ብዙ ነው። አሜባና ጃርዲያ፣ ወስፋትና መንጠቆ ትል፣ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል አሉ። ቲቢም ሳንባን ብቻ ሳይሆን አንጀትንም ይይዛል፤ ያልተፈላ ወተት አንዱ መንገዱ ነው። አንጀት በራሱ ሲቆስልም አለ። ስለዚህ የጎረቤት መድኃኒት ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ኮሶም ቢሆን መጠኑ ሳይታወቅ ሲጠጣ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትንካው።

የኖራችሁበትን አገርም ለሐኪሙ ንገሩት። ከጣና ዳር ወይም ከዝዋይ ሐይቅ አካባቢ የመጣ ሰው ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ትል ሆድ ያማል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ያመጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወንዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው እንዶድ በሽታውን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁት ስለዚሁ በሽታ ሲመራመሩ ነው። የእናቶች ሳሙና እንዲህ ያለ ጉልበት ነበረው!

አሁን ወደ ሕክምናው እንመለስ። በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከምግብ በኋላ ይሁን ወይስ በሌሊት፣ ዓይነ ምድር ሲወጡ ይቀል እንደ ሆነ ወይም ይብስ እንደ ሆነ፣ ከዚህ በፊት የወሰዳችሁትንም መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። ለምርመራ የምትሰጡት ዓይነ ምድር ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ሽንት አይቀላቀልበት፣ ወዲያው ይድረስ፤ ቀጭን ተቅማጥ ከሆነ አሜባው ቶሎ ይሞታልና ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። አንድ ጊዜ ታይቶ ምንም ካልተገኘ በሌላ ቀን መድገም ነው፤ ትሉም አሜባውም በየቀኑ አይታይምና።

ብዙ ሰው «ታይፎይድ ነው» እየተባለ በየጊዜው መድኃኒት ይውጣል። ታይፎይድ ዋና ምልክቱ ትኩሳት ነው። ትኩሳት ሳይኖር ዓመት ሙሉ የሚመላለስ ቁርጠትን በአንድ የደም ምርመራ ብቻ ታይፎይድ ማለት አያስተማምንም። «ታይፎይድ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ወጥቶ ሕመሙ ሳይለቅ ሲቀርም አለ። አንዳንዱ አንጀት ቁስል ሳይኖረው ስሜቱ ይበረታበታል፤ ጭንቀት ያብሰዋል፣ አንዳንድ ምግብም ይቀሰቅሰዋል። ቤተ ሰብ ሆይ፣ እንዲህ ያለችውን ሴት «ምንም የለብሽም፣ ታስመስያለሽ» አትበሏት! ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የሚያስታግስም ሕክምና አለው።

ነገር ግን በዓይነ ምድር ደም ከታየ፣ ሰውነት ከከሳ፣ የማታ ላብ ወይም ትኩሳት ከቆየ፣ ሕመሙም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጠይቁ። በዚያ አንጀትን በመሣሪያ ውስጡን አይተው የሚለዩ ሐኪሞች አሉ። ሆድ ድንገት ተነፍቶ፣ ትውከት መጥቶ፣ ፈስም ዓይነ ምድርም እንቢ ካለ አንጀት ተጠማዞ ይሆናልና ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ስለ ቤታችሁም ጥቂት። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውሃ የሚበቅል አትክልት ብዙ ነው፤ ሰላጣውን በጥሬው ከመብላት ጎመኑን ቀቅሎ መብላት ይሻላል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን የምታስቀምጡትን ክደኑት። ለመጠጥ የሚሆነውን አፍሉት። ጀሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እጅ ከመጸዳጃ በኋላና ሊጥ ከመንካት በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከሌለም አመድ ይሆናል።

የሐኪም ወረቀቶቻችሁን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አኑሩ፤ ወደ ሌላ ሐኪም ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ በሰው ፊት ለመናገር የከበዳችሁም ብቻችሁን ቅረቡን፣ እንጠብቃችኋለን።