የመመለሻ ሰዓት

ኮሚቴው «ስለ እግር ጉዟችሁ አሥር ደቂቃ ተናገር» ብሎኝ ነው የቆምኩት። አሥር ደቂቃ ለአንድ በጋ ስለማይበቃ ብዙውን ትቼ የአንዱን ተራራ ነገር አወራችኋለሁ።

ኮልፌ ቀራንዮ የምትኖሩ ወጨጫን ታውቁታላችሁ። ከዓለም ባንክ ወይም ከቀራንዮ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ዞር ስትሉ ተጋድሞ የሚታየው ነው። ከፍታው 3,391 ሜትር ሲሆን፣ እንደ የረርና እንደ ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። አብዛኞቻችን ከተመረቅን ጀምሮ እዚያው ሠፈር ኖረናል፤ ግን የተሰጣ ልብስ ዝናብ እንዳይመታው ደመናውን ለማየት ካልሆነ ቀና ብለን አይተነው አናውቅም ነበር።

ሠፈራችን ለእግር ጉዞ እንግዳ አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ከነበረው የፖሊስ ኃይል ጋር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ብቻ ይዘው በተወሰነ ሰዓት የተወሰነ ርቀት የሚሸፍኑበት አድካሚ ጉዞ እንደነበረ በግለ ታሪካቸው ጽፈውታል። ለስድስት ወር ታስቦ የነበረው ሥልጠና በስምንት ሳምንቱ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ። እኛ የምንይዘው ዳቦ ቆሎና በሶ ነው። ሰዓት ግን እኛም ነበረን። ከቤት ሳንወጣ «ጫፍ ደረስንም አልደረስንም 7 ሰዓት ሲሆን እንመለሳለን» ብለን ተስማምተን ነበር።

በጥቅምት እንጦጦን፣ በኅዳር የረርን ወጣን። በሰላም ሄደን በሰላም ተመለስን፤ ብዙ የሚወራ የለውም። በታኅሣሥ ግን አሥራ አንድ ሆነን ከአየር ጤና በሚኒባስ ተነሣንና በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ደን ገባን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ የሚነገርለት ደን ነው። የዕፅዋት መምህሩ ጓደኛችን በየዛፉ ሥር እየቆመ ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን ሲያስተዋውቀን፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ይታዘቡን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔ ከጫፉ ይልቅ ደኑ ይበልጣል። ከፍ እያልን ስንሄድ ዛፉ እያጠረ መጥቶ አስታ ውስጥ ገባን። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ወሬኛው ሁሉ ዝም ይላል።

ስለዚህ መሐንዲሱ ጓደኛችን ዝም ማለቱን ማንም ልብ አላለውም። ስኳር ሕመምተኛ ነው፤ መድኃኒቱን ኢንሱሊን ይወጋል። ሐኪሟ ግን ከኋላው ነበረች። «ውሃህስ የታለ?» ስትለው «ምን አገባሽ!» አላት። ይህ ሰው በአርባ ዓመት ወዳጅነታችን ለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆታል። ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ ራሱ ተመለሰ፤ ደረቅ ዳቦም በላ። ከዚያ ተነሥቶ «በሉ እንውጣ» አለ።

ጫፉ ይታያል። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሰዓቱ ደግሞ 6 ከ40። ሐኪሟ «እንወርዳለን» አለች።

እዚህ ላይ ተጣላን። አራቱ «እናንተ ጠብቁን፣ ደርሰን እንመለስ» አሉ። እሷም ነገሩን ቁጭ ብላ እንደ ተማሪ አስረዳችን። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ ጡንቻው ስኳሩን ከደም ይስባል፤ አንዴ ተስተካከለ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ጉዞው ካበቃ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ እንኳ ሊወርድ ይችላል። «ቁልቁለቱ ላይ ቢደገመው የሚሸከመው ማነው? አራታችሁ ላይ ናችሁ፤ እኔና እነዚህ ሽማግሎች?» አለች። ደመናውም እየወረደ ነበር። ወረድን። እስከ ሰበታ ሚኒባሱ ውስጥ ቃል የተነፈሰ የለም።

በጥር ጉዞ ስድስት ሰው ብቻ መጣ። መሐንዲሱም ቀረ። ቤቱ ሄድን። «ለእኔ ብላችሁ ተራራ አትተዉ፤ እኔ ሸክም ሆኜ አልሄድም» አለን። ባለቤቱ ቡናውን እያቀረበች «እሱ የሚቀረው እናንተ ስላዘናችሁለት ነው፤ እንደ ድሮው ብትሰድቡት ይመጣ ነበር» አለች። የተናገሩትን ሁሉ ብሰበስብ ከዚህ የበለጠ አላገኝም።

መጋቢት 5 ለአቦ ክብረ በዓል ዝቋላ ስንሄድ እየተሳደብን ወሰድነው፤ ፊት አስቀድመነው በሱ እርምጃ ወጣን። እሱ በየሰዓቱ ጣቱን ወግቶ ሲለካ እኛ ያርፋል ብለን ደስ ይለናል። በባዶ እግራቸው የሚወጡ እናቶች ግን እየተጨዋወቱ አለፉን፤ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ደርሳችኋል» አሉን። የሐይቁን ዳር ስናይ ግማሾቻችን ተንበረከክን፤ ግማሾቹ ለጸሎት፣ ግማሾቹ ለጉልበታቸው።

በግንቦት መጀመሪያ ወደ ወጨጫ ተመለስን። ስምንት ሆነን 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ጫፉን ረገጥን፤ መሐንዲሱም አብሮን ነበር። ከነዚያ ከአራቱ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። አንደኛው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ አይቼዋለሁ። ወንድሜ፣ ያን ቀን ተራራው ያንተም ነበር፤ መናደድህ አይገርመኝም። ግን ዛሬም ብትጠይቀኝ እንውረድ ነው የምለው።

የጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ እንጦጦ እንጀምራለን። መነሻው ጦር ኃይሎች፣ 12 ሰዓት ንጋት ላይ ነው። የሥነ ምድር መምህራን አንድ ሰው ቢያውሱን ድንጋዩን የሚያነብልን እናገኛለን። መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ለሐኪሟ አስቀድሞ ይንገራት፤ ስኳሩን በእሷ ቦርሳ ብቻ ሳይሆን በራሱም ኪስ ይያዝ።