አንዱ በድርቅ፣ አንዱ በጎርፍ



ቦረና ውስጥ በድርቅ የተጎዳች ላም አንዴ ከተኛች በራሷ አትነሳም። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ አንዱ ቀንዷን ይዞ፣ አንዱ ጭራዋን፣ ሌሎቹ ሆዷን ደግፈው ያቆሟታል። በማግስቱም እንደገና። እንደ ጎርጎርሮሳውያን አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከዱ፣ የብዙ ቤተሰብ ማለዳ በዚህ ነበር የሚጀምረው።

በዚያው በ2022 ፓኪስታን በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ከ1,700 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 33 ሚሊዮን ሕዝብ ተጎዳ።

ታዲያ ያው የምድር ሙቀት እንዴት አንዱን አገር ያደርቃል፣ ሌላውን ያሰጥማል? ነገሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት የመያዝ አቅም ያገኛል። ዝናብ በራቀበት አገር ይህ የተጠማ አየር ከአፈሩ፣ ከሣሩ፣ ከኩሬው የቀረችውን እርጥበት ሳይቀር ይመጥጣል። ደመና በተሰበሰበበት ደግሞ የተሸከመውን ባንዴ ይዘረግፈዋል።

ቦረና ላይ ላኒና የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝም ዝናቡን አርቆት ነበር። ሙቀቱ ሲጨመርበት ግን ጥቂት የጣለውም መሬት ሳይጠግብ ተነነ። ሰማዩን በማሞቅ እጁ የሌለበት አርብቶ አደር ከብቱን በዚህ መንገድ ሲያጣ ማየት ያንገበግባል።

በ2023 ዝናቡ ተመለሰ፤ በሶማሌ ክልል ግን ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከድርቅ የተረፈውን ቤትና ከብት ይዞ ሄደ።