ልጆች የሚቦርቁባቸው የአዲስ አበባ ፓርኮች

አንደኛ አቅራቢ፦ በአዲስ አበባ ለትንንሽ ልጆች ቀዳሚው መዳረሻ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚገኘው አንድነት ፓርክ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ልጆች ባለ ጥቁር ጎፈሮቹን አንበሶች ካዩ ከዚያ መላቀቅ አይፈልጉም፤ የአፄ ምኒልክ ዘመን ሕንፃዎች ግን ቶሎ ያሰለቿቸዋል። ስለዚህ ጉብኝቱን፣ ጉልበታቸው ሳይዝል፣ ከእንስሳቱ መጀመር ይሻላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ደግሞ ከከተማዋ በላይ፣ በባሕር ዛፍ ደን መካከል ነው። ንጹሕ አየሩና የልብ የሚያደርሰው ስፋቱ ለሚሮጥ ልጅ ተወዳዳሪ የለውም። ብርዱ ጠንካራ ስለሆነ ሹራብና ኮፍያ ግድ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ገና ወፌ ቆመች ለሚባሉትስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ለእነርሱ መሐል ከተማ ያለው ወዳጅነት ፓርክ ቅርብ ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ስላለው ግን ዓይንን ከሕፃን ላይ መንቀል አይገባም።