ኤሌክትሪክን ወደ ቁጥር ስለ መለወጥ



በወላይታና በዳውሮ መካከል የኦሞን ወንዝ የገደበው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ነበር። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ላይ የሚያበቃው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። የሶዶው ጣቢያ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ለውጦ ይልካል፤ መስመሩም እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ሆኖ የተሠራ ነው።

እንዲህ ያለውን ጣቢያ የሚመራው መቆጣጠሪያ ግን ቮልቴጅን ራሱን አያይም፤ የሚያየው ከቮልቴጁ የተለወጠውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ውሳኔውም ይሳሳታል። ይህ ሕግ በሶዶ ገበያ የባለሱቁን ማቀዝቀዣ ለሚጠብቅ ትንሽ የቮልቴጅ መከላከያም ያው ነው። ስለዚህ ነገሩን በትንሹ ዕቃ መመርመር ይቀላል።

ለምሳሌ ተማሪዎች በሚለማመዱበት በአርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለውን አትሜጋ 328 የተባለውን ማይክሮኮንትሮለር እንውሰድ። መለወጫው ባለ 10 ቢት በመሆኑ ከ0 እስከ 1,023 ይቈጥራል። ማመሳከሪያው 5 ቮልት ከሆነ እያንዳንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊ ቮልት ያህል ነው። ከዜሮ በታች ያለውን ስለማይለካ፣ ተለዋዋጩ ቮልቴጅ በትራንስፎርመር ከተቀነሰ በኋላ መካከሉ 2.5 ቮልት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ከሁሉ በፊት የሚታሰበው የማመሳከሪያው ምርጫ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው፣ ለአያያዝ ስለሚቀል፣ ዕቃው ራሱ የሚሠራበት 5 ቮልት ነው። ነገር ግን የመስመሩ ኃይል ሲዳከም ይህም ወደ 4.75 ቢወርድ፣ እውነተኛው 195 ቮልት 205 ሆኖ ይነበባል። በ200 ቮልት እንዲቈርጥ የታዘዘው መከላከያ ዝም ይላል፤ የማቀዝቀዣው ሞተርም ለቃጠሎ ይጋለጣል። ሚዛኑ ከተመዛኙ ጋር አብሮ ከወረደ አባይ ሚዛን ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ያለውን የ1.1 ቮልት ማመሳከሪያ መጠቀም ይሻላል። ይህም ከ1.0 እስከ 1.2 ሊለያይ ስለሚችል፣ በታመነ መለኪያ ተመሳክሮ ትክክለኛው ዋጋ በፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፋል፤ የሚለካውም ቮልቴጅ በዚያው ልክ ተቀንሶ መካከሉ 0.55 ላይ ይደረጋል። ማመሳከሪያው በተቀየረ ጊዜ የመጀመሪያው ንባብ ይጣላል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ነው። መለወጫው ሙሉ ትክክለኛነቱን የሚሰጠው ክሎኩ በሰከንድ ከ50,000 እስከ 200,000 ምት ሲሆን ነው። 16 ሚሊዮኑ ምት ለ128 ሲካፈል 125,000 ይሆናል፤ አንድ ንባብ 13 ምት ስለሚፈጅ በሰከንድ 9,600 ያህል ንባብ ይገኛል። በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመላለሰው መስመር ይህ ለአንድ ዑደት 192 ንባብ ነው። በተቃራኒው በሰከንድ ልክ 50 ጊዜ ብቻ ቢነበብ፣ ዘወትር የዑደቱ አንድ ቦታ ብቻ ስለሚገኝ፣ ተለዋዋጩ ቮልቴጅ ያልተንቀሳቀሰ መስሎ ይታያል።

በመጨረሻም ወደ መግቢያው የሚደርሰው ተቃውሞ ከ10,000 ኦም እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፤ ከበለጠ በውስጡ ያለው ትንሽ ካፓሲተር በጊዜው ስለማይሞላ ንባቡ ይዛባል።

እነዚህ ስሕተቶች የሚያመሳስላቸው ድምፅ የሌላቸው መሆናቸው ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ቁጥሩም በመስኮቱ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ ማንኛውም መለኪያ ለተጠቃሚ ከመሰጠቱ በፊት፣ መስመሩ ደኅና ሳለ ብቻ ሳይሆን በተዳከመም ጊዜ ከታመነ መለኪያ ጋር ሊመሳከር ይገባዋል። መከላከያ የሚፈለገው በዚያች ሰዓት ነውና።