የውርንጭላው ቀለም
(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት)

   

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ውርንጭላ ነው። አዊ ውስጥ የፈረስ ወሬ ለማንም እንግዳ አይደለም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ያያል። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል (16፡8) ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ልንቀመጥባቸውና ጌጥም ሊሆኑልን እንደ ፈጠራቸው ይነግረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የእንጅባራ ነጋዴ ወንድማችን ከዳንግላ ገበያ ጥቁር ውርንጭላ ገዛ። የሸጠለት ክርስቲያን ገበሬ ነው። ውርንጭላው ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው በዓይኑ ዙሪያ ነጫጭ ጸጉር ብቅ አለ። ከዚያ ፊቱ፣ ቀጥሎም ጎኑ ገረጣ። ሦስት ዓመት ሲሞላው ያ ጥቁር ፈረስ አመድማ ሆነ። ወንድማችን “ወይ ቀለም ቀብቶ አታሎኛል፣ ወይ በሽተኛ ሸጦልኛል” ብሎ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። ገበሬው ማለ፣ ተገዘተ፤ የሰማው ግን የለም። ወሬው ገበያውን ሞላው፤ ሰውየውንም “አታላዩ” ይሉት ጀመር። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም አንዱ ሆንሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወደ ወንድማችን አዘንብሎ ነበር። ከኋላዬ የሚሰግድ፣ በአማናው የማውቀው ሰው ነው። “ግማሹን ይመልስለት” ልል ስል፣ በፈረስ ላይ ያረጁ አንድ አባት ገበሬውን “የእናቱ መልክ ምንድን ነው?” አሉት። “አምባላይ ናት፤ ዛሬም ከቤቴ አለች” አለ። “እሷስ ስትወለድ ምን ትመስል ነበር?” “ጥቁር ነበረች።” ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው “ታዲያ እናቱን ቢመስል ምን ያጣላችኋል?” አሉን።

ለማረጋገጥ የእንስሳት ሐኪም ጠየቅን። ሐኪሙም የሽማግሌውን ቃል አጸናው። አምባላይ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ አይወለድም። ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ ይወለድና በየጊዜው ጸጉሩ ሲረግፍና ሲተካ ነጩ እየበዛ ይሄዳል። ብዙዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ፈጽመው ይነጣሉ፤ ከጸጉሩ ሥር ያለው ቆዳ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል። ይህ የሚመጣው ከመኖ ጉድለት ሳይሆን ከእናት ወይም ከአባት በሚወረስ ዘር ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት በ2000 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2008) የትኛው የዘር ለውጥ እንደሚያመጣው ለይቷል። ስለዚህ ፈረስ ነጣ ተብሎ አረጀ አይባልም፤ ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ ነው። አምባላይ ፈረስ ያላችሁ ግን ዕድሜው ሲገፋ ከጅራቱ ሥር ጥቁር እባጭ ሊያወጣ ስለሚችል እያያችሁ ለሐኪም አሳዩት።

ይህ በፈረስ ብቻ የሚታይ አይደለም። በከተማ በገንዳ ውስጥ የሚረቡት ወርቃማ ዓሦች እንኳ ከዕንቁላል ሲፈለፈሉ ጭቃ የመሰሉ ናቸው። ወራት ሲያልፉ ጥቁሩን ቀለም የያዙት ሕዋሳት ይጠፉና ወርቃማው ይወጣል፤ አንዳንዱም ሲያረጅ ይነጣል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ፋጢር (35፡27-28) የተራሮችን፣ የሰዎችንና የእንስሳትን ቀለም መለያየት ካወሳ በኋላ፣ ከባሮቹ እርሱን የሚፈሩት ዐዋቂዎቹ መሆናቸውን ይነግረናል። ያላወቀ ሰው ቀለም ሲለወጥ ሲያይ ሰውን ይጠረጥራል፤ ያወቀ ግን ፈጣሪውን ያስታውሳል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ አስታውሱ። አንድ የገጠር ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደ ወለደችበት ተናገረ፤ በልቡ ጥርጣሬ ገብቷል። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ቀያዮች እንደ ሆኑ ነገራቸው። ከመካከላቸው አመድማ እንዳለ ሲጠይቁት መኖሩን አመነ። ያ ከየት መጣ ቢሉት፣ ምናልባት የዘር ሐረግ ስቦት ይሆናል አለ። እርሳቸውም ልጅህም እንደዚያው ሊሆን ይችላል አሉት። አንድ ትዳርና የአንዲት ሴት ክብር በግመል ቀለም ዳነ። እኛም ያንን ሐዲስ ብናስታውስ ኖሮ የገበሬውን ስም ባልጠፋ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ሳያጣሩ መወንጀል ዙልም ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አል-ሑጁራት (49፡6፣ 12) ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ፣ ከብዙ ጥርጣሬም እንድንርቅ ያዘናል። ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው ሲሆን ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን፤ በሱረቱ አል-ማኢዳ (5፡8) ሰዎችን መጥላት ከፍትሕ እንዳያርቀን ታዘናልና። እኔም ያን ቀን በራሴ ላይ ፈርጃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ይንገር። ገበሬው አላታለለም፤ ግን “እናቱ አምባላይ ናት፣ ይነጣል” ቢል ኖሮ ጠብ ባልተነሣ። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ነገሩን ግልጽ ካደረጉ በግብይታቸው በረካ እንደሚያገኙ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

ሦስተኛ፣ ስም የጠፋበት ቦታ ስም ይመለስ። ወንድማችን በቤት ውስጥ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር። “ያማኸው ገበያ ላይ ነው፤ ይቅርታውም ገበያ ላይ ይሁን” አልነው። አላህ ይጨምርለትና በገበያ ቀን ሰው በተሰበሰበበት “እኔ ነኝ የተሳሳትሁት” አለ። ገበሬውም አቀፈው። ፈረሱ ዛሬ ከወንድማችን ቤት ነው፤ ሊነጣ ጥቂት ቀርቶታል።

ውድ አድማጮቼ፣ እኛም ጥቁር ጸጉር ይዘን አድገን እንነጣለን። በሱረቱ አር-ሩም (30፡54) አላህ ከድካም ኃይልን፣ ከኃይል በኋላም ድካምንና ሽበትን እንደሚያደርግ ይነግረናል። ሽበት ለሙእሚን ብርሃን መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በዚያ ሸንጎ እኔን ከዙልም ያዳነኝ የአንድ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። በየቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳይናገሩ አታሳልፏቸው፤ ጠይቋቸው።

አላህ ከመጥፎ ጥርጣሬ ይጠብቀን፤ ሐቅን አሳይቶ የምንከተለው ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።