የእድራችን ሚኒባስ ማርሽ ለምን ይወጣ እንደነበር
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ)



ድንኳንና ወንበር የምታመላልሰው፣ ለቀብርም አዛውንቶችን የምታደርስልን ሚኒባስ ለምን ቆመች የሚለው ጥያቄ ስለበዛብን ነገሩን ከሥሩ እንነግራችኋለን።

መኪናዋ በ1989 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረው የቶዮታ ሃይኤስ ዓይነት ናት፣ ዶልፊን የምንላት። የቤንዚን ሞተሯ ሲያልቅ ቱ ኤል የሚባለውን፣ 2,446 ሲሲ የሆነውን የናፍታ ሞተር ከነካምቢዮው ከሱማሌ ተራ ገዛን። ሞተሩ ደህና ነው። «የታመመ ሞተር ገዙ» እየተባለ የሚወራው ልክ አይደለም።

ችግሩ የታየው ከቀብር ስንመለስ ነው። አቀበት ላይ ሁለተኛ ማርሽ በራሱ ወጣና መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ውስጥ 11 ሰው ነበር። ሾፌራችን ፍሬን ይዞ አቆማት። ጋራዡ ስንጠይቀው «ዘንጉን በእጁ ደግፎ ይንዳ» አለን። እኛም አምነን ሾፌሩን ወቀስነው፤ ከደመወዙም ቆረጥን።

ሌላ መካኒክ አምጥተን ከሥር ገብቶ ሲያይ ግን ሌላ ነገር ተገኘ። ከማርሽ ዘንጉ ወደ ካምቢዮው የሚሄዱ ሁለት ካቦዎች አሉ፤ አንዱ የማርሹን ረድፍ ይመርጣል፣ ሌላው ያስገባል። ካቦ ማለት ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን ነው፤ ውስጡ ሽቦ፣ ውጪው ሽፋን። የሽፋኑ ጫፍ በመያዣ ብረት ካልታሰረ ሽቦው አይሠራም። አዲሱ ካምቢዮ ላይ የድሮው መያዣ ስላልገጠመ ጋራዡ ሻንሲው ላይ በየደው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት ጎማ ላይ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጥ ይወዛወዛሉ፣ ናፍታ ደግሞ ከቤንዚን ይብሳል። ሻንሲው ግን አይነቃነቅም። ስለዚህ ካምቢዮው በተወዛወዘ ቁጥር ካቦውን ማንም ሳይነካው ይስበዋል፤ ማርሹም ይወጣል። ጭነትና አቀበት ሲሆን ነው የሚብሰው። ሾፌሩ ምን ያድርግ?

ሁለተኛ ጉድለትም ነበር። የአዲሱ ካምቢዮ ክንድ ከድሮው ይረዝማል፤ ካቦው ያንኑ ያህል ቢስበውም ክንዱ የሚዞረው ትንሽ ነው፣ ማርሹ በግማሽ ብቻ ይገባል።

አሁን መያዣው በወፍራም ላሜራ ተሠርቶ በካምቢዮው በራሱ ቡሎኖች ታስሯል፤ ካምቢዮው ሲወዛወዝ አብሮት ይሄዳል። ክንዱ ላይም ወደ መዞሪያው ቀረብ ብሎ ቀዳዳ ተበሳ። ዘንጉ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ግን ማርሹ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ካቦው ከማርሚታው እንዲርቅ፣ ሲታጠፍም እንዳይሰበር ሰፋ ተደርጎ ተዘርግቷል። ገንዘቡን የከፈልነው ወንበሩን ሁሉ ጭነን፣ አቀበት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ እየሰጠን እየለቀቅን፣ ዘንጉን ማንም ሳይነካው ከሞከርን በኋላ ነው። አንዴም አልወጣም።

ከሾፌራችን ደመወዝ የተቆረጠው በዚህ ወር ይመለስለታል፤ በስብሰባው ፊትም ይቅርታ ጠይቀነዋል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ገና የድሮው ነው። እሱ እስኪስተካከል መኪናዋ አትወጣም። እስከዚያ ለቅሶ ቢያጋጥም ድንኳኑን በጋሪ እናደርሳለን፤ ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች ስማችሁን ለጥሩምባ ነፊው አስመዝግቡ።